ሥዕሌን እንዳትነኩብኝ

ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሁለት የእንጨት ሥራ ቤቶች ቀኑን ሙሉ በሚጮሁበት ቅያስ ውስጥ ጋሽ ቢተው የሚባሉ ጎረቤት አሉኝ። ሰፈሩ የሚያውቃቸው በውሻቸው ነው። ውሻ አላቸው ማለቴ ሳይሆን ውሻ ይሥላሉ። በየበሩ የሚሰቀለውን «ተናካሽ ውሻ አለ» የሚል የቆርቆሮ ሰሌዳ የሚጽፉት እርሳቸው ሲሆኑ ከጽሑፉ ጎን የውሻውን ፊት ያክሉበታል። ውሻው ግን አንድም ቀን ተናካሽ መስሎ አያውቅም። አንድ ደንበኛ በፊቴ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሌባ ሲመጣ ‹ቤት ለእንግዳ› የሚል ውሻ ነው» ቢላቸው፣ «ጥርሱን ላወጣልህ እችላለሁ፤ ዓይኑ ግን የራሱ ጠባይ ነው» አሉት።

ከጡረታቸው በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመማሪያ መጻሕፍት ሠዓሊ ነበሩ። እኔ በልጅነቴ የተማርኩባቸው መጻሕፍት ወረቀታቸው ሣሣ ያለና ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ ሥዕላቸውም ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። አንበጣው፣ የውኃ ፓምፑ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ ውስጡ የሚታየው የሰው ልብ፣ ሁሉም በቀስት እየተጠቆመ ፩፣ ፪፣ ፫ ተብሎ ቁጥር ተሰጥቶታል። የዚያን ጊዜው ማተሚያ ግራጫ ቀለም አይሆንለትም፤ ግራጫ ያሉት ሁሉ ጭቃ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጥላ የሚፈልግ ሠዓሊ በቀጭን ብዕር መስመርን በመስመር ላይ እያስኬደ ጨለማን እንደ ሸማኔ መሸመን ነበረበት። ጋሽ ቢተው ሠላሳ አንድ ዓመት ሸመኑ። በየመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ የአዘጋጆቹ ስም በተርታ ይጻፍና ከታች «ሥዕል፦ በክፍሉ ባልደረቦች» ይላል። ክፍሉ አምስት ሠዓሊዎች ነበሩት፤ የአንዳቸውም ስም አይወጣም፣ ሥዕል ላይ መፈረምም ክልክል ነበር።

«አይቆጭዎትም?» ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

«ልጆቹ አንበጣውን አወቁት። እኔን ቢያውቁኝ ምን ያደርግላቸዋል?» አሉኝ። ይህን ሲሉ ግን ብሩሻቸውን ደጋግመው ያጥቡ ነበር፤ ብሩሹ ደግሞ ንጹሕ ነበር።

የእህቴ ልጅ ኣርያም ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። በዕረፍት ቀኗ ደግሞ ጥርስ በምታፈስበት በዚያው ዱቄትና ፈሳሽ ወታደር ታፈሳለች። መጀመሪያ «ጨዋታ እየሠራን ነው» ስትለኝ እንደ ዳማ ያለ ነገር መስሎኝ ነበር። ለካስ ጠረጴዛ ላይ የሚደረግ ጦርነት ነው። የጣት ቁመት ያላቸው ወታደሮች ይሰለፋሉ፣ በማስመሪያ እየተለኩ ይራመዳሉ፣ ዳይስ ተጥሎ ይዋጋሉ። ዘመኑ ከዛሬ አሥር ሺህ ዓመት በኋላ ነው። ፀሐይ ደክማለች፤ ሰው የሚኖረው በእግራቸው በሚሄዱ የብረት ከተሞች ውስጥ ነው፤ ሁለት ሠራዊቶች በቀረችው ጥቂት ብርሃን ይጣላሉ። የጨዋታውም ስም «የደከመች ፀሐይ» ነው።

«ልጄ፣ ይሄን የተጫወተ ሰው ምግብ ይበላለታል?» አልኳት።

«አክስቴ ደግሞ! ጨለማ መሆኑ እኮ ነው ደስ የሚለው። ለብርሃኗ የምትሳሺላት ያኔ ነው።»

ጨዋታውን አብሯት የሚሠራው ኦላና የሚባል፣ ሩዋንዳ ሰፈር ከአንድ እንግዳ ማረፊያ ላይኛው ፎቅ ክፍል የተከራየ የኮምፒውተር ሰው ነው። የጨዋታው ሕግ ተጽፎ አልቋል፣ ወታደሩም ይፈስሳል፤ የጎደላቸው መልኩ ነበር። ኦላና በኮምፒውተር ያወጣቸውን ሥዕሎች አሳዩኝ። የሚያብረቀርቅ ብረት፣ ቀይ ዓይን፣ ጭስ።

«ቆንጆ ነው» አልኩ።

«ቆንጆማ ነው፤ ግን የሌላ ሰው ጨለማ ነው» አለች ኣርያም። «መቶ ቦታ አይቼዋለሁ።»

«እሺ የኛ ጨለማ የት ነው የሚሸጠው?» አለ ኦላና። «ሱቁን ንገሪኝና ሄጄ ልግዛ።»

አንድ እሑድ ሳጥኔን ከፍቼ ልብስ ሳናፍስ ኣርያም ከታች የአምስተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፌን አገኘች። አንበጣው ያለበትን ገጽ ገልጣ ቀረች። ጉልበቱን፣ የደረቱን ጥሩር፣ ከሆዱ ሥር ያለውን ድቅድቅ ጥላ በጣቷ እየተከተለች፣ «አክስቴ፣ ይሄን የሣለው ማን ነው?» አለችኝ።

«መጽሐፉ አይናገርም። ግን ከግንቡ ወዲያ ውሻ የሚሥሉት ሽማግሌ ከሣሉት ሰዎች አንዱ ናቸው።»

በማግስቱ ሁለቱ ከጋሽ ቢተው ቤት ደጃፍ ተገኙ፤ እኔም አስተዋዋቂ ሆኜ ገባሁ። ኣርያም ስለደከመችው ፀሐይ፣ ስለሚሄዱት ከተሞች፣ ስለ ሁለቱ ሠራዊት አንድ በአንድ አስረዳች። ጋሽ ቢተው መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጡና ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ለስንተኛ ክፍል ነው?»

ኦላና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ለትልልቅ ሰው ነው ጋሽ ቢተው!»

«እንግዲያው በደንብ መገለጽ አለበት። ትልቅ ሰው ቶሎ አይገባውም» አሉና የኦላናን ሥዕሎች ተቀበሉ። አንዱን ወታደር ትክ ብለው አዩት። «ይሄን ብረት ማን ይወለውልለታል? ፀሐይ የጠፋችበት ሰው ብረት ሲወለውል አይውልም። ያገኘውን ነው የሚለብሰው።»

እዚያው የሰሌዳ ቆርቆሮ ላይ ወረቀት ዘርግተው ጀመሩ። የወታደሩ ጉልበት እንደ አንበጣ ጉልበት ወደ ኋላ ታጠፈ። ጥሩሩ በምስማር የተገጣጠመ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ሆነ፤ አንገቱ ላይ እንደ ቀንበር ያለ ነገር ተጫነበት። የሚሄደውን ከተማ ደግሞ እንደዚያ እንደ ውኃ ፓምፑ ለሁለት ሰንጥቀው ውስጡን አሳዩት፤ ቀስትም አወጡለት። ፩ የእንፋሎት ማሰሮ። ፪ የመድፍ አፍ። ፫ የሕፃናት ክፍል።

«ከመድፉ አጠገብ የሕፃናት ክፍል?» አለች ኣርያም።

«ሰው የሚኖርበት ከሆነ ልጅ አይጠፋም» አሉ ብዕራቸውን ሳያነሡ።

ኦላና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ የሻሽ፣ እኚህ ሰውዬ ይለያሉ!» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የጨዋታው መልክ ሁሉ ከዚያች ወረቀት ተቀዳ። ኣርያም የወታደሮቹን ጉልበት አፍርሳ እንደገና ቀረጸች፤ ኦላናም የሚያብረቀርቀውን ሁሉ ጣለ። ሕጉ እንኳ ተነካ፤ ከተማን የመታ ሠራዊት ቁጥር ፫ን እንዳይመታ ተደነገገ።

ሲለያዩ ኣርያም፣ «ስምዎን በትልቁ ነው የምናወጣው» አለቻቸው።

«ስሙን ተዉት። ሥዕሌን ግን እንዳትነኩብኝ። አንድ መስመር፣ አንዲት ነጥብ።»

«እናቴ ትሙት አንነካም!» አለ ኦላና።

«እናትህን ተዋት፤ አንተ አትንካ።»

ጋሽ ቢተው በአራት ወር አርባ ሦስት ሥዕል ሠሩ። በቅያሱ ሳልፍ በመስኮቱ አያቸው ነበር፤ ጀርባቸው ቀና ብሏል፣ የውሻው ሰሌዳ ደንበኛ «ነገ ና» እየተባለ ይመላለሳል። የቀረው የሳጥኑ ሽፋን ብቻ ሆነ። መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ አዳራሽ ተይዞ ጨዋታው ለተጫዋቾች የሚቀርብበት ቀን ተቆርጦ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልጆቹ በጨዋታው ካርዶች ላይ የታተሙትን ሥዕሎች ለማሳየት እየሮጡ መጡ፤ እኔም ተከትያቸው ገባሁ።

ጋሽ ቢተው መነጽራቸውን አደረጉ። አንደኛውን ካርድ አዩ። ሁለተኛውን አዩ። ሦስተኛው ላይ ተነሥተው አጉሊ መስታወታቸውን ከመሳቢያ አመጡና እንደገና ከአንደኛው ጀመሩ። አሥር ያህል ካዩ በኋላ ካርዶቹን አስተካክለው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖሩ።

«ሥዕሎቼን መልሱልኝ» አሉ።

«ምን አጠፋን ጋሽ ቢተው?»

«ምንም።»

«ሽፋኑስ?»

«ዓይኔ ደክሟል።»

ዓይናቸው እንዳልደከመ ሦስታችንም እናውቃለን። ኣርያም ቤቴ ገብታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከሥዕሎቹ ውጭ ጨዋታ የለም፤ ወታደሩም፣ ከተማውም፣ ካርዱም የእርሳቸው ነው። «ስማቸው ስላልወጣ ይሆናል፤ ተዉት ቢሉም ውስጣቸው ሳይፈልግ አይቀርም» አለችና በሁለተኛው ቀን ስማቸው በደማቁ የተጻፈበት ካርድ አሳትማ ይዛ ሄደች። እንደሄደች ተመለሰች። «‹ስሙን ተዉት ብዬ ነበር› አሉኝ። በሩን አልዘጉብኝም፤ ግን ውሻውን መሣላቸውን ቀጠሉ።»

ኦላና ደግሞ ተናደደ። «እኔ አልገባኝም! ፋይሎቹ ንጹሕ ናቸው። እንዲያውም ከወረቀቱ ይበልጣሉ!»

ከዚያ በኋላ ኣርያም አርባ ሦስቱን ሥዕሎች በአቃፊ ይዛ መጥታ፣ «አንቺ መልሽላቸው፤ እኔ ፊታቸውን ማየት አልችልም» ብላ ጥላልኝ ሄደች።

ወዲያው አልወሰድኩላቸውም። ጠረጴዛዬ ላይ የሚሄደውን ከተማ ሥዕል አውጥቼ ከጎኑ የታተመውን ካርድ አስቀመጥኩ። መስመሩ ያው ነው። ጥቁሩም ያው ነው። ቀስቶቹን በቁጥር እየተከተልኩ ከማሰሮው ወደ መድፉ፣ ከመድፉ ወደ እግሮቹ ወረድኩ። በእጅ ከተሠራው ላይ፣ ከብረቱ ተረከዝ በታች፣ ከጤፍ ጥቂት የምትበልጥ ነገር አለች። ካርዱ ላይ የለችም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁ። ስድስት እግር አላት።

ጉንዳን ናት።

ያኔ አርባ ዓመት የተኛ ነገር ነቃ። አምስተኛ ለ ክፍል፣ መምህሩ እስኪገቡ ድረስ፣ ሃምሳ ሰባት ልጅ መጽሐፉ ላይ ተደፍቶ «አገኘሁት! አገኘሁት!» ይባል ነበር። በየሥዕሉ ውስጥ አንድ ጉንዳን አለ። አንበጣው ከሚበላው ቅጠል ሥር፣ የፓምፑ እጀታ ላይ፣ በልቡ ሥዕል ደግሞ ቁጥር ፫ የደም ሥር ውስጥ ሲገባ። ቀድሞ ያገኘ የዚያን ቀን መስኮት ዳር ይቀመጣል። አንድ ጊዜ መምህራችን ደርሰውብን፣ «ልብ ውስጥ ጉንዳን የለም!» ብለው ስምንታችንን አንበርክከውናል። ማን እንደሚሥለው ጠይቀን አናውቅም። ልጅ አይጠይቅም፤ ጉንዳኑ ከመጽሐፉ ጋር የተወለደ ይመስለዋል።

ለኦላና ደወልኩለት።

«ኦላና፣ ሥዕሎቹን ኮምፒውተር ውስጥ ስታስገባ ምን አደረግህ?»

«ስካን አደረግኩ፣ ከዚያ ክሊን አደረግኩ። ያው አቧራ፣ ነጥብ ምናምን። ሁሉም ላይ አንድ አንድ ቆሻሻ ነበረው፣ እሱን…»

«ሁሉም ላይ አንድ አንድ?»

«ውይ እትዬ የሻሽ» አለ። «ውይ በሞትኩት።»

መጽሐፉን በነጠላዬ ሥር ይዤ ጋሽ ቢተው ዘንድ ገባሁ። ከአንድ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጠው ፊደል ያስተካክላሉ። አቃፊው ሳይሆን መጽሐፉ ሲወጣ ገረማቸው። የልቡን ሥዕል ገለጥኩና ጣቴን ቁጥር ፫ ላይ አሳረፍኩ።

ጣቴን ብዙ አዩት።

«ማን ነገረሽ?» አሉ።

«ማንም አልነገረኝም። ሁላችንም እናውቀዋለን።»

«ሁላችን ማለት?»

«አምስተኛ ለ። ሃምሳ ሰባት ልጆች ነበርን። ቀድሞ ያገኘ መስኮት ዳር ይቀመጥ ነበር። እኔ ከዓይኔ ድካም የተነሣ መስኮቱን ያገኘሁት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ለእርስዎ ጉንዳን ስንል ተንበርክከናል ጋሽ ቢተው።»

«ሃምሳ ሰባት» አሉ።

«በእኛ ክፍል ብቻ። ሀ እና ሐም ነበሩ።»

ብሩሹን ጣሳው አፍ ላይ አጋደሙት። «እኔ እኮ ማንም አላየውም ብዬ ነው የኖርኩት» አሉ። ከዚያም ነገሩን አጫወቱኝ። መጀመሪያ በተቀጠሩበት ዓመት የደረቀ መስሏቸው የተዉት ሥዕል ላይ እውነተኛ ጉንዳን ወጥታ እርጥቡን ቀለም ትጎትተዋለች። ኃላፊው ሊቆጣ ሲመጣ ጭረቷን ቶሎ ብለው ጉንዳን አደረጓት። ኃላፊው አላያትም። በሁለተኛው ሥዕል ግን ሆን ብለው ጨመሯት። መፈረም አይቻልም፤ ጉንዳን ግን ማን ይከለክላል?

«ታዲያ ለምን ለኣርያምና ለኦላና አልነገሯቸውም?»

«ራሴ የደበቅኩትን ነገር ‹ለምን አላያችሁልኝም› ብዬ ልክሰሳቸው? ያሳፍራል እኮ የሻሽ።»

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ኦላናና ኣርያም ደረሱ። ከሩዋንዳ ሰፈር ቦሌ ሚካኤል ድረስ እንዴት እንደበረሩ እንጃ። ኦላና ከበሩ ሳያልፍ፣ «ጋሽ ቢተው፣ እናቴ ትሙት ቆሻሻ መስሎኝ ነው!» አለ።

«እናትህን ተዋት አላልኩህም?»

«ይቅርታ። ዛሬውኑ ሁሉንም እንደገና አስገባቸዋለሁ፣ አንዲትም ነጥብ አልነካም።»

«መጀመሪያ ፈልጋቸው» አሉና አጉሊ መስታወቱን ሰጡት። «ያጠፋኸውን ታውቀው ዘንድ።»

እኔ የሥዕሎቹን አቃፊ ከቤቴ አመጣሁ፤ ኦላናንም ወንበር አምጥተን ከደጅ አስቀመጥነው። ኣርያም ልትረዳው ብትጠጋ፣ «አንቺ አልነካሽም፤ ተቀመጪ» አሏት። ኦላና አንገቱን ሰብሮ ይፈልግ ጀመር። የእንጨት ሥራ ቤቱ ሠራተኞች ለምሳ ሲወጡ ከበቡት፤ «ግራ! ግራ!» እያሉ ይመሩታል፤ አንዱ፣ «ይሄ ኮምፒውተር አይደለም ወንድሜ፣ ዓይን ይፈልጋል» ብሎ አሳቀበት። ፀሐይ ዘወር ስትል አርባ አንዱን አግኝቶ ነበር። አርባ ሁለተኛውን ራሳቸው ጋሽ ቢተው አሳዩት፤ በሕፃናት ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ መዳፏ ላይ ይዛታለች። አርባ ሦስተኛውን ግን እርሳቸውም አጡት።

«ረስቼው ይሆናል» አሉ። ደግመው አዩት። «ወይ ደግሞ በጣም ጥሩ አድርጌ ደብቄዋለሁ።»

«ሽፋኑስ?» አለች ኣርያም በቀስታ።

«የውሻው ሰሌዳ ነገ ይደርሳል» አሉ። «ሽፋኑን ከነገ ወዲያ እጀምራለሁ።»

የጨዋታው ቀን ቅዳሜ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ስምንት ጠረጴዛ ተዘርግቶ ወጣቱ ሁሉ በወታደርና በማስመሪያ ተጠምዷል። ስለ ጉንዳኑ በመመሪያው ላይ አንድም ቃል አልተጻፈም፤ ኣርያም፣ «የተነገረውማ አይፈለግም» ብላ ከለከለች። እርሷ ግን በጥርስ መሥሪያዋ ቀጭን መርፌ በየወታደሩ መቆሚያ ሥር አንድ አንድ ጉንዳን ቀርጻ ነበር። ጋሽ ቢተው ካፖርታቸውን ለብሰው ከእኔ ጋር ከግድግዳው ተጠግተው ቆሙ።

ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከመካከለኛው ጠረጴዛ፣ «ቆይ! ይሄ ምንድን ነው?» የሚል ተሰማ። ከዚያ ሌላው ጠረጴዛ፣ «የኔም ላይ አለ!» አለ። ጦርነቱ በየቦታው ቆመ። ሁለት ጢማም ጎረምሶች ካርድ ለካርድ ተደፍተው፣ አንዱ፣ «ተራህ ነው፣ ተኩስ እንጂ!» ሲለው፣ ሌላው፣ «ጉንዳኑን ሳላገኝ አልተኩስም» አለው። ጋሽ ቢተው ካፖርታቸውን ቆለፉ፣ ፈቱ፣ እንደገና ቆለፉ።

እኔ የሳጥኑን ሽፋን አንሥቼ አየሁ። ከተማው በደከመችው ፀሐይ ፊት ይራመዳል፤ ጨለማው በመስመር በመስመር ተሸምኗል፤ ከግርጌው ደግሞ በድሮ የመማሪያ መጽሐፍ ፊደል፣ በራሳቸው እጅ፣ «ሥዕል፦ ቢተው ገብረወልድ» ይላል። ማንም ጻፉ አላላቸውም። ከተረከዙ እስከ ጭስ መውጫው ጉንዳኑን ፈለግኩ።

«አታገኚውም» አሉኝ።

«ረሱት?»

«ጡረታ ወጣ። ስሜ ካለ እርሱ ምን ይሠራል?»

ይህን ብለው ወደ ጢማሞቹ ጠረጴዛ ሄዱ። አልተኩስም ያለው ልጅ አሁንም ካርዱን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ይዟል።

«ከማሰሮው በታች» አሉት። «ወደ ቀኝ። እዚያ ጋ።»

ልጁ አገኘው፤ ጮኸ፤ ከዚያ ቀና ብሎ አያቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ በምን አወቁ?»

ጋሽ ቢተው ከእጄ ሳጥኑን ተቀበሉና ጣታቸውን ከሽፋኑ ግርጌ አሳረፉለት።